ካርዱም ከረጢቱም

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለ43 ቀናት ሥራውን ሲያቆም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወሬው መጀመሪያ ላይ ስለ አውሮፕላን ማረፊያዎች መጨናነቅና ደመወዝ ስላላገኙ የመንግሥት ሠራተኞች ነበር። ኖቬምበር ሊገባ ሲል ግን ችግሩ ጓዳ ደረሰ። እዚያ ያለው አበሻ «ፉድ ስታምፕ» እያለ በሚጠራው፣ በይፋ ስሙ ስናፕ በተባለው መርሐ ግብር የሚረዱ 42 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወሩ ገንዘብ በጊዜው ካርዳቸው ላይ እንደማይገባ ተነገራቸው። መርሐ ግብሩ በ1964 ቋሚ ሕግ ከወጣለት ወዲህ እንዲህ ያለ መቋረጥ ደርሶበት አያውቅም።

አገረ ገዥዎቹ ፈጥነው ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ፉድ ባንኮችና በየሰፈሩ ምግብ ወደሚያድሉት ማዕከላት ነበር። የኒው ዮርኳ ኬቲ ሆኩል የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው 65 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። የካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም 80 ሚሊዮን ዶላር በፍጥነት እንዲለቀቅ አደረጉ፤ የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብም መጋዘን ገብቶ ምግብ በማሸግና በማከፋፈል እንዲያግዝ አዘዙ። ሜሪላንድ 10 ሚሊዮን፣ ሚኒሶታ 4 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ዜናው መልካም ነበር፤ ከልብ የመነጨ እንደነበርም የሚያጠራጥር ነገር የለም።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን ግድ ይላል። በኒው ዮርክ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በወር 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስናፕ ካርድ ያገኛሉ። ሆኩል የመደቡት ከዚህ አንድ አሥረኛው ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ አምስት ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሕዝብ በየወሩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በካርዱ ይገበያያል፤ 80 ሚሊዮኑ ከዚያ ውስጥ የአንድ አሥረኛውን ያህል እንኳን አይሆንም። በዚያ ላይ ካርዱ በሚቀበለው ሱቅ ሁሉ፣ ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ያገለግላል። ብዙ የሰፈር ማዕከላት ግን የሚከፈቱት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ለጥቂት ሰዓታት ነው። በፈረቃ የምትሠራ የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ያ ሰዓት ካለፋት ወረፋው አለፋት ማለት ነው።

ሜሪላንድ ይህን ቶሎ ሳትረዳ አልቀረችም። አገረ ገዥው ዌስ ሙር ለፉድ ባንኮች 10 ሚሊዮን ዶላር በሰጡ በቀናት ውስጥ፣ 62 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ በቀጥታ በተጠቃሚው ካርድ ላይ እንዲገባ ወሰኑ። በዚያ ቀውስ ውስጥ ከተደረጉት ውሳኔዎች የላቀው ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

መንግሥት ለሰፈር የምግብ ማዕከላት ገንዘብ መስጠቱ ተገቢ ነው፤ ከሚሰጠው በላይም ይገባቸዋል። አደጋው የሚጀምረው ይህ ድጋፍ ቤተሰቡ በራሱ እጅ መርጦ የሚገዛበትን ገንዘብ እንዲተካ ሲፈለግ ነው። የማዕከላቱ ትልቁ ማኅበር ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ ደጋግሞ የሚናገረው ስሌት አለ፤ የፉድ ባንኮቹ መረብ አንድ ማዕድ ሲያቀርብ ስናፕ ዘጠኝ ያቀርባል። ይህን የሚሉት ሥራቸውን ለማሳነስ አይደለም፤ ዘጠኙ ሲጎድል ሸክሙ ማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ስለሚያውቁ ነው። ከ200 በላይ ፉድ ባንኮችና 60 ሺህ ገደማ የምግብ ማደያዎችና የማዕድ ማዕከላት ያሉት ድርጅት ይህን ሲናገር መስማት ይገባል።

ፉድ ባንክ የሚባለው ነገር የተጀመረው በ1967 በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ነው። ጆን ቫን ሄንግል የተባሉ ጡረታ የወጡ ነጋዴ በቤተ ክርስቲያን የድሆች ማዕድ ቤት በበጎ ፈቃድ ሲያገለግሉ፣ ሱቆች የሚጥሉትን ነገር ግን ለመበላት የሚበቃውን ምግብ ሰብስበው የሚያስቀምጡበት ቦታ ፈለጉ። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሰጠቻቸው። በ1975 የፌዴራል መንግሥት ይህንኑ አሠራር በሌሎች ከተሞች እንዲያስፋፉ ገንዘብ ሰጠ። ዛሬ «የበጎ አድራጎት ሥራ» ተብሎ የሚታየው ግዙፍ መረብ ገና ልጅ ሳለ የመንግሥት እጅ ነበረበት።

መንግሥት በሰፊው የገባበት ግን ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያ ታሪክም የዛሬውን ለመረዳት ይጠቅማል። በ1981 የሬገን አስተዳደር የፉድ ስታምፕን በጀት ቆረጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ዲሴምበር 22 ቀን፣ ፕሬዚዳንቱ 30 ሚሊዮን ፓውንድ አይብ ለተቸገሩ እንዲታደል አዘዙ። አይቡ የወተት ዋጋ እንዳይወድቅ መንግሥት ከገበሬው እየገዛ በመጋዘን ያከማቸው ነበር፤ ክምችቱ ሻጋታ እስኪያወጣ ድረስ በዝቶ ነበር። አይቡን ለሕዝቡ ለማድረስ ቤተ ክርስቲያናትና የሰፈር ማዕከላት አስፈለጉ። በ1983 «ጊዜያዊ» የሚል ስም ያለው የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ ሕግ ወጣ፤ በ1990 «ጊዜያዊ» የምትለዋ ተፍቃ መርሐ ግብሩ ቋሚ ሆነ። ቴፋፕ ተብሎ የሚጠራው ይህ መርሐ ግብር እስከ ዛሬ የማዕከላቱ ዋነኛ የፌዴራል ምንጭ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የግብርና ሚኒስቴር ከገበሬና ከአምራች ይገዛል፤ ለየግዛቱ ያከፋፍላል፤ ግዛቱ ለፉድ ባንኮች መጋዘን ይልካል፤ ፉድ ባንኩ በጭነት መኪና ለቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ለመስጊድ፣ ለሰፈር አዳራሽ ያደርሳል። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው በአብዛኛው ዶሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የታሸገ ባቄላ ነው እንጂ የመብራት፣ የቤት ኪራይ፣ የነዳጅና የደመወዝ ገንዘብ አይደለም። ለማስተዳደሪያ ተብሎ የሚመጣው ጥቂት ብር ደግሞ ከግዛት ወደ ፉድ ባንክ፣ ከፉድ ባንክ ወደ ሰፈር ማዕከል ሲወርድ ይሳሳል። ዶሮው ቢመጣም ማቀዝቀዣ የሌለው ማዕከል ሊቀበለው አይችልም። ስለዚህ አብዛኞቹ ማዕከላት የሚቆሙት በጡረተኞች ትከሻ፣ በምእመናን አስተዋጽኦና በጥቂት በጎ አድራጊዎች ቼክ ነው። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ክብር ይገባዋል፤ የአንድ አገር የምግብ ዋስትና በእነሱ ጉልበት ላይ እንዲቆም መተው ግን ያሳዝናል።

በዲሴምበር 2021 የተጀመረ አንድ መርሐ ግብር ከዚህ የተሻለ ነገር አሳይቶ ነበር። የባይደን አስተዳደር 400 ሚሊዮን ዶላር ለግዛቶችና ለአገሬው ነባር ሕዝቦች መንግሥታት ሰጠ፤ ቆይቶም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጨመረበት። መስፈርቱ ገንዘቡ በዚያው ግዛት ወይም ምግቡ ከሚታደልበት 400 ማይል ርቀት ውስጥ ካለ አምራች እንዲገዛበት ነበር፤ ከገበያው ተገፍተው ለኖሩ ትንንሽ ገበሬዎችም ትኩረት ተሰጠ። በዚህ ምክንያት ሁለት ነገር ተለወጠ። ትንሹ ገበሬ ምርቱ ከመድረሱ በፊት ገዢ እንዳለው አወቀ። የምግብ ማዕከሉም ከላይ የወረደለትን ብቻ ማደሉን ትቶ የሰፈሩ ሰው የሚበላውን መርጦ ማስገዛት ቻለ። ጎመን የሚበላ ሰፈር ጎመን አገኘ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በምግብ እርዳታ ውስጥ ክብር የሚጠበቀው ወይም የሚጣሰው እዚህ ላይ ነው።

ማርች 2025 ላይ መርሐ ግብሩ ተሰረዘ። ለፉድ ባንኮች ታስቦ የነበረው 420 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሕፃናት ማቆያዎች ታስቦ ከነበረው 660 ሚሊዮን ጋር ቀረ። ሚኒስቴሩ የሰጠው ምክንያት መርሐ ግብሮቹ ከመሥሪያ ቤቱ ዓላማ ጋር እንደማይሄዱ ነበር፤ የግብርና ሚኒስትሯ ብሩክ ሮሊንስም የኮቪድ ዘመን ወጪዎች መሆናቸውንና ግዛቶች ገና ያልተጠቀሙበት ገንዘብ እንዳላቸው ተናግረዋል። ሚኒስቴሩ በሌሎች መስመሮች ምግብ መግዛቱን አላቆመም፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በዚያው የጸደይ ወቅት በቴፋፕ በኩል ሊላክ ታዝዞ የነበረ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ምግብም ታገደ። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት መዝገቦቹን ተከታትሎ እንዳወጣው፣ ሳይደርስ የቀረው ምግብ ከ4 ሺህ 300 በላይ ጭነት፣ 94 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ወደ ኩንታል ሲመለስ 426 ሺህ ይሆናል። ውስጡ ዶሮ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ወተት ነበረበት። ለአንድ ሰፈር ማዕከል ይህ ማለት በሚቀጥለው ወር ይመጣል ተብሎ የማደያ ቀን የተቆረጠለት የጭነት መኪና ሳይመጣ መቅረቱ ነው።

አራት ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 4 ቀን 2025፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትልቁን የታክስና የወጪ ሕግ ፈረሙ። የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ከስናፕ 187 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀነስ ገምቷል፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል ማለት ነው። የሥራ ግዴታው እስከ 64 ዓመት ዕድሜ ድረስ ተዘረጋ፤ ልጃቸው 14 ዓመት የሞላው ወላጆችም ገቡበት። በወር 80 ሰዓት መሥራትን በወረቀት ማስረዳት ያልቻለ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ አይረዳም። ቤት አልባዎችና የቀድሞ ወታደሮች የነበራቸው ነፃነትም ተነሣ።

የ1981ንና የ2025ን ልዩነት የሚያሳየው ይህ ነው። ያኔ የቤተሰቡ ኩፖን ሲቆረጥ ቢያንስ አይቡ ወጣ። አሁን ካርዱም ከረጢቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ተቀነሱ። የሁለቱ መስመሮች ጥቅም አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲሸከም ነበር፤ በአንድ ላይ ሲደክሙ መሸሸጊያ አይኖርም።

የጁላይ 2025ቱ ሕግ አንድ አንቀጽ የአማርኛ ተናጋሪውን ቤት በቀጥታ ያንኳኳል። ቀድሞ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ስናፕ የማግኘት መብት ነበረው። አዲሱ ሕግ ይህን ነጥቋል፤ ግሪን ካርዱ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ አለበት። ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚቻለው ደግሞ አንድ ዓመት ከተቆየ በኋላ ነው፤ ከዚያም የመሥሪያ ቤቱ ወረፋ አለ። ማለትም ሰው ቋንቋ በማያውቅበት፣ ሥራ ባላገኘበት፣ ልጆቹን ገና ትምህርት ቤት በሚያስመዘግብበት በመጀመሪያው ጊዜ ካርዱ አይኖረውም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና እየታየለት ያለው አመልካችማ ቀድሞም ካርዱን አያገኝም ነበር፤ የእሱ ዋነኛ መሄጃ የሰፈሩ ማደያ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፣ በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይኖራል። የዚያ አካባቢው ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ በ2025 ባወጣው ጥናት ከመቶ ቤተሰብ 36ቱ በዓመቱ ውስጥ በቂ ምግብ ማግኘት ተስኗቸው እንደነበር አመልክቷል። ይህ ቁጥር የሚነገረው ከአገሪቱ ሀብታም ክልሎች አንዱ ስለሆነ ቦታ ነው። ስደተኛ ተቀብሎ በማቋቋም የታወቀውና በ1983 በኢትዮጵያውያን የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልም መቀመጫው እዚያው አርሊንግተን ነው፤ በጃንዋሪ 2025 የስደተኛ ቅበላው ሲታገድና የፌዴራሉ ገንዘብ ሲቆም እንደ ሌሎቹ አቋቋሚ ድርጅቶች ሁሉ እሱም ተመታ። አዲስ መጤውን እጁን ይዞ ወደ ካርዱ ቢሮ የሚወስደው ድርጅት ሲዳከምና ካርዱ ራሱ ሲነሳ፣ የሚቀረው አድራሻ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። የእኛ ሰው ለዘመድ ማበደርና እድር መግባት ያውቅበታል፤ ለወር አስቤዛ ግን ለማያውቀው ሰው እጁን መዘርጋት ይከብደዋል። ካርዱን ይዞ ሱቅ መግባት ይህን ኀፍረት ይቀንስለት ነበር።

ለማዕከላት የሚሰጥ የመንግሥት ገንዘብ ሌላም ፈተና አለበት፤ እሱን መደበቅ ማዕከላቱን አይጠቅምም። በሚኒሶታ የሆነውን ማንሳት ይበቃል። በኮቪድ ጊዜ የፌዴራል መንግሥት ለሕፃናት የሚቀርብ ምግብ በቶሎ እንዲደርስ የቁጥጥር ደንቦችን አላላ። ፊዲንግ አወር ፊውቸር የሚባል ድርጅት በየቦታው ላሉ ማደያዎች ዋስ ሆኖ ገንዘቡን ያስተላልፍ ነበር። በ2019 ወደ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ያንቀሳቅስ የነበረው ይህ ድርጅት በ2021 ወደ 200 ሚሊዮን ተጠጋ። በወረቀት ላይ በቀን በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት የሚበሉባቸው ተብለው የተመዘገቡ ቦታዎች ሰው የማይታይባቸው ሆነው ተገኙ። ዓቃቤ ሕግ በሴፕቴምበር 2022 በመጀመሪያ 47 ሰዎችን ከሰሰ፤ የተዘረፈው ከ250 ሚሊዮን ዶላር እንደማያንስ ተነገረ። የድርጅቱ መሥራች ኤሚ ቦክ በማርች 2025 ጥፋተኛ ተባለች።

የግዛቲቱ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ኦዲተር በ2024 ባወጣው ዘገባ የትምህርት መምሪያው ቁጥጥር ደካማ መሆኑ ለማጭበርበሩ በር እንደከፈተ ገልጿል። የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አስቀድመው ነበሩ፤ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ጎደለ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ የሶማሌ ተወላጆች ስለነበሩ ደግሞ ጥርጣሬው በመላው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ላይ ተዘረጋ። በቅንነት ሩዝና ወጥ ሲያበስሉ የኖሩ ሰዎች የሌባውን ስም ተሸከሙ። ሕፃናቱ ግን አሁንም ይራባሉ።

ከዚህ ዓይነቱ ነገር ኢትዮጵያ የራሷን አይታለች። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ሰፊ በሆነና በተቀናጀ መንገድ እየተዘረፈ ነው ብለው መጀመሪያ በትግራይ፣ በጁን ወር ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን አቆሙ። ያኔ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እርዳታ ይፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ የተጠለሉ የሌላ አገር ስደተኞች እስከ ኦክቶበር፣ ሌሎቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጠበቁ። ዱቄቱን የሰረቀው ሳይራብ ዱቄቱን የተነጠቀው ተራበ። ስርቆትን የሚከላከለው በየመጋዘኑና በየማደያው በመደበኛነት ተገኝቶ መቁጠር፣ ተረጂውን ራሱን መጠየቅ፣ ለኦዲተር መክፈል ነው። ይህም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰጪው መንግሥት «ለአስተዳደር» ብሎ የሚቆጥበው ብር ኋላ በሌባ እጅ ይገባል።

ታዲያ ማዕከላትን በአግባቡ መደገፍ ምን ይመስላል? ኒው ዮርክ በዚህ ረገድ ልትታይ ይገባታል። ከ1984 ጀምሮ ለምግብ ማደያዎችና ለማዕድ ቤቶች የግዛት ገንዘብ የሚያስተላልፍ መርሐ ግብር አላት። በ2020 ወተት በየማሳው ሲደፋ በከተማ ሰልፉ ሲረዝም፣ ፉድ ባንኮች ከግዛቲቱ ገበሬዎች እንዲገዙ ኖሪሽ ኒው ዮርክ የሚል መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በኖቬምበር 2021 ቋሚ ሕግ ሆነ። ቋሚነቱ ዋናው ነገር ነው። ማዕከሉ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘቡ እንደሚመጣ ካወቀ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ ሾፌር ይቀጥራል፣ ከገበሬ ጋር ይዋዋላል። በቀውስ ጊዜ ብቻ ድንገት የሚለቀቅ ብር ግን ቶሎ ማለቅ ስላለበት በውድ ዋጋ ይገዛበታል፤ ሠራተኛ መቅጠርም አይቻልበትም።

ከዚያ የሚቀድመው ግን ካርዱ ነው። በ2024 በጀት ዓመት ስናፕ ለአንድ ሰው በአማካይ በወር 187 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ በቀን ስድስት ዶላር ገደማ። ይህ ብር በሰፈሩ ሱቅ፣ ባለቤቱ አበሻ በሆነው ግሮሰሪም ጭምር ስለሚውል ለአካባቢው ገበያ ይተርፋል። የግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት ኢኮኖሚው በተቀዛቀዘበት ጊዜ አንድ የስናፕ ዶላር 1.54 ዶላር የሚያህል የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ይፈጥራል። መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ የወረፋ ቁጥርም አያስፈልገውም። የሰፈር ማዕከል ካርዱ የማይደርስባቸውን ይድረስ፤ ጥገኝነት ጠያቂውን፣ ሥራው ትናንት የተቋረጠበትን፣ ወሩ ሳያልቅ ብሩ ያለቀበትን ቤተሰብ። ለዚህ የሚበቃ አቅም አለው። ለ42 ሚሊዮን ሰው የሚበቃ አቅም የለውም፤ እንዲኖረው መጠበቅም ግፍ ነው።

የሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ይህን ክርክር ወደ ግዛቶች ካዝና ይወስዱታል። እስከ አሁን የስናፕን የማስተዳደሪያ ወጪ ፌዴራሉና ግዛቱ እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግዛቶች 75 በመቶውን ይከፍላሉ። ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ ደግሞ የክፍያ ስሕተታቸው 6 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ግዛቶች ከእርዳታው ራሱ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይሸፍናሉ። በ2024 የአገሪቱ አማካይ ስሕተት 10.93 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ አብዛኞቹን ይነካል። አገረ ገዥዎቹ በቀውሱ ጊዜ ለፉድ ባንክ የሰጡትን ገንዘብ ያወጡት ከዚሁ ካዝና ነበር። አሁን በየግዛቱ ዋና ከተማ በጀት የሚያረቅቁ ሰዎች የሰፈር ማዕከሉን ድጋፍና የካርዱን ድርሻ በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ማመዛዘን ይጀምራሉ፤ ፉድ ባንኮችም የሚቀጥለውን ዓመት የጭነት ዕቅዳቸውን የሚያወጡት ያንን ገጽ እየጠበቁ ነው።